ሰዋስው መሰላል ነው

«ሰዋስው» በግእዝ መሰላል ማለት ነው። የቋንቋ ዕውቀት ደረጃ በደረጃ የሚወጣ ለመሆኑ ከዚህ የተሻለ ስም አይገኝለትም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1956 እስከ 1959 ባወጣቸው ጽሑፎች ኖአም ቾምስኪ የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ የሰዋስው ደንቦችን በችሎታቸው መጠን ከፍሎ በአራት እርከን ደረደራቸው። ከታች ሁለተኛው እርከን «ከዐውድ ነጻ ሰዋስው» የሚባለው ነው። ነጻ መባሉም ደንቡ አንድን የሐረግ ዐይነት በክፍሎቹ ሲተካ በግራና በቀኝ ያለውን ቃል ስለማይጠይቅ ነው።

ብዙ ጓደኞቻችን ይህን ሲሰሙ «የሒሳብና የኮምፒዩተር ተማሪዎች ጉዳይ ነው» ብለው ያልፉታል። እኛ ግን ጉዳዩ ከሁሉ አስቀድሞ የእኛ የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ነው እንላለን። ምክንያታችንም የሚከተለው ነው።

የራያ ቆላ ገበሬ ማሽላውን በአህያ ጭኖ ገበያ ሲደርስ፣ መጨረሻ የጫነውን መጀመሪያ ያራግፋል። አማርኛም እንዲሁ ያደርጋል። «ገበሬው ሚስቱ ልጁ ጎብዬ እንደደረሰ እንደነገረችው ተናገረ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር እንመልከት። ባለቤቶቹ በተራ ገበሬው፣ ሚስቱ፣ ልጁ ናቸው፤ ግሦቹ ግን በግልባጩ ይመጣሉ። መጀመሪያ ልጁ ደረሰ፤ ቀጥሎ ሚስቱ ነገረችው፤ በመጨረሻ ገበሬው ተናገረ። የታችኛው እርከን ደንብ ይህን የጭነት ተራ ያለ ገደብ ሊያስታውስ አይችልም፤ ከዐውድ ነጻው ግን ይችላል። ፊደል ያልቆጠረ የጎብዬ ሰው ይህን ሥራ ማንም ሳያስተምረው ይሠራዋል።

ነገር ግን እሱ የሚሠራውን በወረቀት ማስፈር ቀላል አይደለም። «ስማዊ ሐረግ ማለት ወይ ስም ብቻ ነው፤ ወይም ‹የ› ከስማዊ ሐረግ ጋር ሆኖ ሌላ ስም ይከተለዋል» ብለን ደንብ እንጻፍ። ከዚህ «የጎብዬ ገበሬ» ይወጣል። ደንቡን በራሱ ላይ ደግመን ብንሠራበት ግን «የየጎብዬ ገበሬ በሬ» ይሰጠናል። ይህን የሚል ሰው በጎብዬም በአዲስ አበባም የለም፤ የሚባለው «የጎብዬ ገበሬ በሬ» ነው። ስለዚህ የተደራረበውን «የ» የሚያጠፋ ተጨማሪ ደንብ ያስፈልጋል። ይህችም «የ» ተራ ፊደል አይደለችም። «ከጎብዬ የመጣው ነጋዴ ልጅ» ስንል የመጣው ነጋዴው ነው፤ «ከጎብዬ የመጣው የነጋዴ ልጅ» ስንል ግን የመጣው ልጁ ነው። አንዲት ፊደል መንገደኛውን ትለውጣለች።

ከዐውድ ነጻው ሰዋስው ለሁሉም ቋንቋ ይበቃል ወይስ አይበቃም የሚለው ክርክር ብዙ ዘመን ፈጅቷል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1985 ስቱዋርት ሺበር የስዊስ ጀርመንኛን መርምሮ እንደማይበቃ አስረዳ። በዚያ ቋንቋ ስሞችና ግሦች እንደ አህያ ጭነት በግልባጭ ሳይሆን በተጫኑበት ተራ ይራገፋሉና። ህንድ የተወለደው አራቪንድ ጆሺ በ1975 ከባልደረቦቹ ጋር ያቀረበው፣ የሐረግን ዛፍ በሌላ ዛፍ ላይ የሚቀጥል ሰዋስው ደግሞ ጥቂት ብቻ ከፍ ብሎ ይህንኑ ሊገልጽ ችሏል። እንግዲህ ልብ እንበል፤ የሊቃውንቱን ክርክር የፈታው ከጽሑፍ ይልቅ በአፍ የሚነገር የአገር ቤት ዘዬ ነው።

«ዛሬ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች ደንብ ሳይጻፍላቸው ከብዙ ጽሑፍ ይማራሉ፤ ታዲያ ድካሙ ለምን?» የሚሉን አሉ። ብዙ ጽሑፍ ያለው ለማን ነው? እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2018 ቢንያም ኤፍሬም፣ ባየ ይማምና ጃፓናዊው ዩሱኬ ሚያዎ ያቀረቡት፣ ክፍል በክፍል የተተነተነ የአማርኛ ስብስብ 1,074 ዐረፍተ ነገር ነበር። ሥራው የሚመሰገን ነው፤ ነገር ግን ለአንድ ትልቅ ቋንቋ ጅምር እንጂ ፍጻሜ አይደለም። ፕሮግራሙም ነጋዴውንና ልጁን ቢያምታታ፣ ስሕተቱን ለይቶ የሚያርመው ደንቡን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው።

ባየ ይማም በ1987 ዓ.ም. ባሳተሙት «የአማርኛ ሰዋስው» መሠረቱን ጥለውልናል። የቀረው የእኛ ድርሻ ነው። ክረምት ሲገባ ወደ ጎብዬ፣ ወደ ሮቢት፣ ወደ ቆቦ የምንወርድ ጥቂቶች አይደለንም። አማርኛ፣ ትግርኛና ኦሮምኛ ጎን ለጎን በሚሰሙበት በዚያ ቆላ፣ እያንዳንዳችን ዐሥር ዐሥር ዐረፍተ ነገር ከተናጋሪው አፍ እንደወጣ ጽፈን እንመለስ፤ ደንብም እናውጣላቸው። ደንባችን የማይደርስበት ዐረፍተ ነገር ከተገኘ፣ የሚታረመው ደንቡ እንጂ ተናጋሪው አይሁን።