ለመዋኛ ገንዳችን ሁለት ሰው ይበዛል ወይ?



ባለፈው የማኅበራችን ስብሰባ ላይ ስለ ወጣቶች መዝናኛው የመዋኛ ገንዳ ብዙ ተብሏል። ከተባለውም ሁሉ ጆሯችን ላይ የቀረው «ለአንድ ገንዳ ስንት ሰው ይቀጠራል? ያለው ሠራተኛ ይበቃል!» የሚለው ነው። ጭብጨባም አግኝቷል። እኛ ግን አላጨበጨብንም፤ ለምን እንዳላጨበጨብን በዚህ ሰሌዳ ላይ ብንገልጽ ደግ ነው ብለናል።

እንደሚታወቀው በመስከረም ወር አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጃችን እዚያ ገንዳ ውስጥ ሰጥሞ ነበር። በዕለቱ ውሃው እንደ አጥሚት ደፍርሷል። ዙሪያውን ሰው ሞልቶ ሳለ ማንም አላየውም። ኳስ ሊያወጣ የገባ ጎረምሳ እግሩ አንድ ለስላሳ ነገር ቢነካው ጎንበስ ብሎ ሳበው፤ ልጁ ሆኖ ተገኘ። ፈጣሪ ይመስገን ተረፈ። የጎረምሳው እግር አንድ ክንድ ፈቀቅ ብሎ አርፎ ቢሆን ኖሮ የተሰበሰብነው በአዳራሽ ሳይሆን በለቅሶ ድንኳን ነበር።

ብዙዎቻችን የሚሰጥም ሰው «ድረሱልኝ!» እያለ የሚጮህ ይመስለናል። አይደለም። ውሃ ያነቀው ሰው ለጩኸት የሚሆን ትንፋሽ የለውም፤ አብዛኛውን ጊዜ ድምፅ ሳያሰማ ነው ቁልቁል የሚሄደው። አንጎልም ያለ አየር የሚታገሠው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2021 ዓ.ም. በዓለም ላይ 300,000 ያህል ሰዎች ሰጥመው ሞተዋል፤ ከአራቱ አንዱ ገደማ አምስት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ነው።

ስለሆነም የውሃው መጥራት የውበት ጉዳይ አይደለም። ከዳር የቆመ ሰው በጥልቁ በኩል ያለውን የወለል መውረጃ ወንፊት አጥርቶ ማየት ካልቻለ ማንም ገንዳው ውስጥ መግባት የለበትም።

ታዲያ ውሃው ለምን ይደፈርሳል? ሠራተኛችን ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ትኬት ይቆርጣል፤ ልብስ ይጠብቃል፤ መጥረጊያ ይዞ ይሮጣል፤ ክሎሪኑንም በጣሳ እየሰፈረ በግምት ይበትናል። ዓይኑን ውሃው ላይ የሚጥለው መቼ ነው? ፓምፑንም መብራት እንዳይበላ ቶሎ አጥፋው ይባላል። በሰዓት 60 ሜትር ኩብ የሚገፋ ፓምፕ ሁለት ሰዓት ሠርቶ ከጠፋ የገንዳውን ውሃ ሢሶውን እንኳ በማጣሪያው አላሳለፈም።

ሒሳቡ ደግሞ ስድስተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ የሚሠራው ነው። ገንዳችን 25 ሜትር በ10 ሜትር ሲሆን ጥልቀቱ ከ1 ሜትር ጀምሮ እስከ 2 ሜትር እያዘቀዘቀ ይወርዳል፤ አማካዩ 1 ሜትር ተኩል መሆኑ ነው። ሲባዛ 375 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 375,000 ሊትር ይሆናል። ለእያንዳንዱ ሜትር ኩብ 2 ግራም ክሎሪን እንዲደርሰው ከተፈለገ 750 ግራም ያስፈልጋል። የምንገዛው ዱቄት ግን ክሎሪንነቱ ከመቶ 65 እጁ ብቻ ስለሆነ 750ን ለ0.65 ስናካፍል 1,154 ግራም ይመጣል። ይኸውም ውሃው ምንም ክሎሪን የሌለው ሲሆን ነው፤ ካለው በመመርመሪያ አይቶ የጎደለውን ብቻ መሙላት ነው። ፒኤች የሚባለው ልኩም ከ7.2 እስከ 7.8 ይሁን፤ 8ን ሲያልፍ ክሎሪኑ ጉልበቱን ያጣል። የቀን ፀሐይ ክሎሪን ስለሚጨርስ ማታ፣ ዋናተኛው ከወጣ በኋላ ቢጨመር ይሻላል። ዱቄቱ ባልዲ ውሃ ላይ ይጨመራል እንጂ ውሃ ዱቄቱ ላይ አይፈስም። ከአሲድ ጋር ማገናኘትማ መርዝ ጋዝ ማውጣት ነው፤ በአንድ መደርደሪያ እንኳ ሊቀመጡ አይገባም። (አሁን የት እንደተቀመጡ ሄዶ ያየ ይፍረድ።)

አንዳንድ እናቶች «ክሎሪን አብዝተው የልጆቻችንን ዓይን አቀሉት፤ ሽታውም አፍንጫ ይሰነጥቃል» ሲሉ ሰምተናል። ቅሬታው ልክ ነው፤ ምክንያቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነው። ያ ሽታ የሚመጣው ክሎሪኑ ከላብና፣ ይቅርታ ይደረግልንና፣ ከሽንት ጋር ሲዋሐድ ነው። ሳይታጠቡ ዘው ብሎ መግባት የሠራተኛው ጥፋት አይደለም፤ የእኛው ነው።

እንግዲህ የምንጠይቀው ይህን ነው። አንድ ሰው ለውሃው፣ ለፓምፑና ለክሎሪኑ ይመደብ። ሌላው ዋና የሚችል፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ የሠለጠነ፣ ትኬት የማይቆርጥ፣ መጥረጊያ የማይነካ፣ ዓይኑን ከውሃው የማያነሣ ጠባቂ ይሁን። ምሳ ሲወጣ ገንዳው ይዘጋ። ኧረ ለመሆኑ በሳምንት ስድስት ቀን፣ በቀን ስምንት ሰዓት ክፍት የሆነን ገንዳ አንድ ሰው ሁሉን እየሠራ ይጠብቀው ማለት ምን ማለት ነው?

«ገንዘብ የለም» ይባል ይሆናል። እድራችን ድንኳንና አግዳሚ ወንበር ሲገዛ ተጨማሪ መዋጮ ያላወጣ ማን አለ? ያኔ ያጉረመረመ አልሰማንም።

ጉዳዩ የፊታችን እሑድ ከእድሩ ስብሰባ በኋላ እንደገና ይቀርባል። እጃችሁን ከማውጣታችሁ በፊት በገንዳው በኩል እለፉና መውረጃው ይታያችሁ እንደሆነ ተመልከቱ። እኛ ትናንት ከቀትር በኋላ ሄደን ነበር፤ አልታየንም። ልጆች ይዋኙ ነበር።