አስናቀ ወገን የለውም?

ቴሌቪዥናችን ስንቱን ድራማ አሳይቶናል፤ ስንቱንስ ረስተነዋል! “ሰው ለሰው”ን የረሳ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። በ2000ዎቹ ዓ.ም አጋማሽ ላይ በሳምንት አንድ ማታ እየመጣ፣ ከመቶ ክፍል በላይ ተጉዞ ተሰናብቶናል። ካለቀ ዓመታት ቢነጉዱም ዛሬም ቆቦ ላይ አንዱ ነጋዴ ማሽላ ደብቆ ዋጋ ሲሰቅል “አይ አስናቀ!” ይባላል። ለደራሲና ለተዋናይ ከዚህ የበለጠ ምን ሽልማት አለ?

ስለዚህ አስቀድመን የሚገባቸውን እንስጣቸው። መስፍን ጌታቸውንና ሰለሞን ዓለሙን የመሳሰሉ ባለሙያዎች የደከሙበት ሥራ ነው። አስናቀን የተጫወተው አበበ ባልቻ ደግሞ የመድረክ ሰው መሆኑ ያስታውቃል፤ ሲቆጣ ሳይሆን ዝም ሲል ነው የሚያስፈራው። ከዚያ በፊት በስክሪን ያየናቸው ክፉዎች ገና ብቅ ሲሉ ክፉ መሆናቸውን በግንባራቸው ለጥፈው ነበር የሚመጡት፤ አስናቀ ግን ሱፉን ለብሶ፣ ሰላምታ ሰጥቶ፣ ሻይ ጋብዞ ነው ሰው የሚያጠፋው። እንዲህ ያለውን ሰው እናውቀዋለን። ለዚህ ነው መብራት በጠፋ ቁጥር ቡና ቤቱ በአንድ ድምፅ “ውይ!” የሚለው የነበረው።

ደግሞም የወንጀል ታሪክ መውደድ ከፈረንጅ ፊልም የመጣብን አመል አይደለም። ይልማ ሀብተየስ የፖሊስ ምርመራ ልቦለድ በአማርኛ ሲጽፍ አብዛኛው አገር ቴሌቪዥን አልነበረውም። የኛው የወሎው ሰው ማሞ ውድነህም የስለላ ታሪክ እየተረጎመ ስንቱን ተማሪ በኩራዝ አስነብቧል። “ሰው ለሰው” ያንን የለመደ አንባቢ ነው ስክሪን ፊት ያስቀመጠው።

አጀማመሩም ብልህ ነበር። ገዳዩ ማነው ብሎ አላንከራተተንም። ኮሎምቦ የሚባለው የአሜሪካ መርማሪም እንዲሁ ነው፤ ገዳዩን ተመልካቹ ከመጀመሪያው ያውቀዋል፣ ጥያቄው እንዴት ይያዛል የሚለው ነው። ልዩነቱ ኮሎምቦ በዚያው ማታ ይዞት ይገባል። የጀርመኑ ዴሪክም ከ1974 እስከ 1998 እ.ኤ.አ. በ281 ክፍሎች ታይቶ በየክፍሉ አንድ ወንጀል ይዘጋ ነበር። የኛው ግን አንድ ሰውዬ ለመያዝ ዓመታት ፈጀበት!

ነገሩ ግልጽ ነው። አስናቀ ከታሰረ ድራማው ያልቃል፤ ድራማው ካለቀ ስፖንሰሩ ይሄዳል። ስለዚህ አስናቀ መያዝ የለበትም። እንዳይያዝ ደግሞ ሕግ ወይ መዘግየት፣ ወይ መሳሳት፣ ወይ ደጃፍ ደርሶ መመለስ አለበት። እስከዚያው ጊዜው በምን ይሙላ? ዘበኛው በር ይከፍታል፣ መኪናው ይገባል፣ ዘበኛው በር ይዘጋል። አንዷ ስልክ ታነሣለች፣ ታዳምጣለች፣ ትደነግጣለች፣ ሙዚቃው ድም ይላል... ከዚያ ማስታወቂያ! ይህን ስል ለማሾፍ አይደለም። ለዓመታት በየሳምንቱ ሲያመልጥ ያየነው ሰው በአንድ ማታ ቅጣቱን ቢቀበል የትኛው ነው ልጆች ልብ ውስጥ የሚቀረው? ማምለጡ ነው። የኛ ሰፈር ጎረምሶች አስናቀን እንጂ የሚያሳድደውን ሰው መስለው ሲጫወቱ አላየሁም።

ርዝመቱን እንኳ ይቅር እንበለው። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። አስናቀን ማን አሳደገው? ይህች አገር ውስጥ እንዲህ ያለ ሀብታም ከሰማይ አይወርድም። መሬቱን የመራው አለ፤ ማኅተሙን የመታለት አለ፤ ፋይሉን መሳቢያ ውስጥ ያስተኛለት አለ። “ሰው ለሰው” የአስናቀን ቪላ፣ የአስናቀን አሽከሮች፣ የአስናቀን ፍቅር ሁሉ በሰፊው አሳየን፤ ከቢሮ እስከ ቢሮ የተዘረጋው ሰንሰለት ግን ዋና ጉዳዩ አልሆነም። ክፋቱ የአንድ ሰው አመል ሆኖ ቀረ። ደራሲዎቹን ብቻ አልወቅስም። በመንግሥት ጣቢያ የሚታይ ድራማ የመንግሥትን ጓዳ እንዲያስጎበኝ መጠበቅ የዋህነት ነው።

ያንኑ ጣቢያ ደግሞ አስታውሱት። “ሰው ለሰው” በነበረበት ዘመን ግድም፣ በኅዳር 2004 ዓ.ም፣ ኢቲቪ “አኬልዳማ” የሚል ዘጋቢ ፊልም አሳየ። እስክንድር ነጋን፣ አንዷለም አራጌንና ሌሎችንም ጉዳያቸው ገና ፍርድ ቤት እያለ አሸባሪ አድርጎ አቀረባቸው። ፍርድ ቤቱ ጥፋተኛ ያላቸው በሰኔ 2004 ነው፤ ቴሌቪዥኑ ግን በኅዳር ፈርዶ ጨርሶ ነበር። በየካቲት 2010 ዓ.ም ከእስር ሲወጡ ያ ፊልም ይቅርታ ሲጠይቅ አልሰማንም። ለፈጠራው ወንጀለኛ ስንት ማስረጃና ስንት ዓመት ሲፈለግ፣ በሥጋና በደም ላለው ዜጋ ጥቂት ምሽት በቃው። ጉድ አይደለም? አሁንም ካቴና ያጠለቀ ሰው በካሜራ ፊት “አጥፍቻለሁ” ሲል ማየት ብርቅ አልሆነብንም። የወንጀል ድራማ ዋናው ቁም ነገር ማስረጃ ነው፤ ተመልካቹን “ይህን በምን አወቅህ?” ብሎ እንዲጠይቅ ማስለመድ። የኛ ድራማዎች ይህን ትምህርት አላስተማሩም፤ መርማሪው ያለው ሁሉ እውነት ነው፣ መርማሪ ሁሉ ንጹሕ ነው። (በነገራችን ላይ የዴሪክ ነገር የሚያስገርም ነው። ያን ጨዋ ፖሊስ የተጫወተው ሆርስት ታፐርት በወጣትነቱ የሂትለር ኤስ ኤስ ጦር አባል እንደነበረ በ2013 እ.ኤ.አ. ሲታወቅ፣ የጀርመኑ ጣቢያ ድራማውን ደግሞ ማሳየቱን አቆመ። እነሱ ለተጫወተው ሰው እንኳ ዶሴ አገላበጡ።)

አሁን ወደ ቆቦ ልመለስ። ያኔ ቡና ቤት ውስጥ አብረውን ያዩ የነበሩ አንድ አዛውንት ነበሩ። አስናቀ ሰው አስገድሎ ተደላድሎ ሲቀመጥ አይተው፣ “ይኼ ሰውዬ ወገን የለውም እንዴ? ዘመዱ እንዴት ዝም ይላል?” አሉ። ጎረምሶቹ ሳቁ። “አባባ፣ አዲሳባ እኮ ነው!” አላቸው አንዱ። ጥያቄው ግን የሚያስቅ አልነበረም። ራያ ላይ ሰው የገደለ ብቻውን አይቆምም። ወገኑ ይሰጋል፤ ገበያ መውጣት፣ ከብት ማጠጣት ይቸግረዋል፤ ሽማግሌ ይልካል። የዘወልድ ሽማግሌዎች ገብተው፣ የሟች ወገን ተለምኖ፣ ካሳው ተቆርጦ፣ መሐላ ተምሎ ነው ደም የሚደርቀው። ሥርዓቱ እንከን የለውም አልልም። ሀብት ያለው ካሳው አይከብደውም፤ የሴት ቃልም ብዙ አይሰማበትም። ነገር ግን ግድያ ስንት ቤት እንደሚያናጋ ያውቃል። ድራማዎቻችን ይህን አያውቁም። እዚያ ሰው ሲሞት አንድ ትዕይንት ይለቀስና በሚቀጥለው ክፍል ይረሳል። ከ“ሰው ለሰው” በኋላ የመጡትም፣ ከቱርክ ተተርጉመው የገቡት እነቃናም ቢሆኑ፣ ወንጀል ማለት ቪላ፣ ሽጉጥና ውርስ ይመስላቸዋል። የድንበር እርሻ፣ የውኃ ተራ፣ የከብት ዘረፋ፣ በየትከሻው የተንጠለጠለው ክላሽ... እነዚህ ወንጀል አያመጡም?

ለቆቦ ሰው ጉዳዩ የመዝናኛ ብቻ እንዳልሆነ ደግሞ ሁሉም ያውቃል። ከጳጉሜን 4 ቀን 2013 ዓ.ም ጀምሮ የትግራይ ታጣቂዎች እዚህ ከተማ ያልታጠቁ ነዋሪዎችን እንደገደሉ አምነስቲ ኢንተርናሽናል በየካቲት 2014 ዓ.ም ባወጣው ሪፖርት ዘርዝሯል። ከተማዋ በ2014 ዓ.ም ነሐሴም ዳግም በታጣቂዎቹ እጅ ገብታለች። ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ወዲህ ደግሞ በክልሉ ሌላ ጦርነት ተነሥቶ ሌላ ሬሳ ተቆጥሯል። የትኛው መርማሪ ነው ማስታወሻ ደብተሩን ይዞ በር ያንኳኳው? “ማን ገደለ? በማን ትእዛዝ?” ብሎ የጠየቀው ማን ነው? ልጇን የቀበረች እናት ቴሌቪዥን ከፍታ መርማሪው ስልክ ቁጥር አነፍንፎ፣ የጫማ ዱካ ለክቶ ወንጀለኛ ሲይዝ ብታይ ምን ትላለች? እኔ ያልሰማሁት ስድብ የላትም አልልም።

ለዚህ ነው የ“ሰው ለሰው”ን ዓይነት ብዕር ያላቸው ሰዎች አንድ ጊዜ ከቦሌ እንዲወጡ የምለምነው። ታሪኩ አለ። የሚገደል አለ፤ የሚደብቅ አለ፤ አይቶ የሚፈራ ምስክር አለ፤ በሕግና በሽምግልና መሐል የተወጠረ የወረዳ ፖሊስ አለ። ኃይለኛ ክፉ ሰው መፍጠር እንደሚችሉበት በአስናቀ አሳይተውናል፤ የቀራቸው ማኅተሙን የሚመታለትን ሰውዬ መፍጠር ነው። እሱን የሚያሳይ ጣቢያ ከተገኘ ቆቦ ቅርብ ናት፤ ከወልድያ ወደ አላማጣ በሚወስደው አስፋልት ላይ ነች። ቤት እንፈልግላቸዋለን፣ ቡና እናፈላለን፤ የዞብል ተራራንም በነፃ ይቀርጹታል። ሙቀቱን ብቻ ይቻሉት።