ፊቱን ወደ መንገድ ያዞራችሁት ሕፃን

በጅጋና በማንኩሳ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ፣ በየገጠሩም የልጅ ልጅ የምታሳድጉ የዕድሜ አቻዎቼ፣ ይህን የምጽፈው ለወላጆቹ ሳይሆን ለእኛ ነው። ወላጆቹ ማሳ ላይ ናቸው፣ ሱቅ ላይ ናቸው፤ አንዳንዶቹም ባሕር ተሻግረዋል። ሕፃኑ የሚውለው እኛ ዘንድ ነው። ከአዲስ አበባ፣ ከዓረብ አገር ወይም ከአሜሪካ በሻንጣ የሚላከው ባለ ዘለበት ማዘያም የሚታሰረው በእኛ ደረት ላይ ነው። ስለዚህ ቅር ብትሰኙብኝም ስጋቴን ልንገራችሁ።

ይህ ማዘያ ልጁን በሁለት መንገድ ይይዛል። በአንደኛው የልጁ ደረት ከደረታችን ይገጥማል፣ ፊቱም ወደ እኛ ይሆናል። በሁለተኛው ጀርባውን ለእኛ ይሰጥና ፊቱ ወደ ውጭ ይዞራል። የማስጠነቅቃችሁ ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ነው። አንገቱ ያልጠና ሕፃን ፊቱን ወደ ውጭ አዙራችሁ አትያዙ። አንገቱ የጠናውንም እንቅልፍ ከጣለው በዚያው አኳኋን አታቆዩት። ሌላውን ሁሉ ብትረሱት እነዚህን ሁለቱን አትርሱ።

«ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» የሚለኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። ስንት ልጅ አዝለን ያሳደግን ሰዎች አሁን ማዘል እንማር? ማዘልስ እናውቃለን። ይህ ግን የምናውቀው ማዘል አይደለም። በአንቀልባም ሆነ በነጠላ ስናዝል የልጁ ሆድና ደረት ከጀርባችን ይጣበቃል፤ ጉንጩን አጋድሞ ይደገፋል፤ ጭኖቹ ተከፍተው ወገባችንን ያቅፋሉ፤ ጉልበቱ ከቂጡ ከፍ ይላል። ማንም ሳይነግረን ጀርባችን ራሱ ልጁን በደንብ ያስቀምጠዋል። ፊቱን ወደ ውጭ ስናዞረው ይህ ሁሉ ይቀራል። ጉንጩን የሚያስደግፍበት የለም፤ ጭኑ የሚያቅፈው ወገብ የለም። ጀርባችን ሳናስበው ይሠራልን የነበረውን አሁን በዓይናችንና በእጃችን መሥራት ግድ ይሆንብናል። በአንቀልባ የለመድነውን ልበ ሙሉነት ወደዚህ ይዘን ከመጣን አደጋው ከዚያ ይጀምራል።

የዕቃው አመጣጥም ከእኛው ሰፈር ብዙ የራቀ አይደለም። አን ሙር የምትባል አሜሪካዊት ነርስ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሰላም ጓድ ወደ ቶጎ ሄዳ ነበር። የቶጎ እናቶች ልጆቻቸውን በጨርቅ አዝለው ሥራቸውን ሲሠሩ፣ ልጆቹም ረግተው ሲውሉ አየች። አገሯ ተመልሳ የራሷን ልጅ ስትወልድ ከእናቷ ጋር ሆና በማንገቻ የሚታሰር ማዘያ ሠራች፤ እ.ኤ.አ. በ1969 የፈጠራ መብት ተሰጣት። ስናግሊ ይባላል። ዛሬ በፕላስቲክ ታሽጎ የሚመጣልን ነገር የተቀዳው ከአፍሪካ እናት ጀርባ ነው። ከዚያ ጀርባ የተማሩት ግን ልጁን ወደ ራስ አስጠግቶ መያዝን ነበር።

ስለ ትንፋሹ ልናገር። የሕፃን ራስ ከሰውነቱ ጋር ሲመዛዘን ከባድ ነው፤ አንገቱ ገና ልል ነው። የመተንፈሻ ቧንቧው ለስላሳና ጠባብ ስለሆነ አገጩ ደረቱ ላይ ሲወድቅ ይታጠፋል። ልጁም አይጮህም። ለመጮህ ትንፋሽ ያስፈልጋል፤ የታፈነ ሕፃን ጸጥ ይላል፣ ለሚያየው ሰው የተኛ ይመስላል። በአሜሪካ የሸማቾች ምርቶች ደህንነት ኮሚሽን በመጋቢት 2002 ዓ.ም. ማስጠንቀቂያ ሲያወጣ፣ ከዚያ በፊት በነበሩት 20 ዓመታት ከጨርቅ ማዘያ ጋር የተያያዘ የ14 ሕፃናት ሞት መዝግቦ ነበር። ከ14ቱ 12ቱ 4 ወር ያልሞላቸው ናቸው። እነዚያ ማዘያዎች በአንድ ትከሻ የሚንጠለጠሉ እንጂ ባለ ዘለበት አልነበሩም፤ የሚገድለው ነገር ግን በሁሉም አንድ ነው፤ የወደቀ አገጭ ወይም ጨርቅ የተጫነው አፍንጫ። ኮሚሽኑ ሕፃን በአንድና በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሊታፈን እንደሚችል ተናግሯል። ከጅጋ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ቅርብ ነው እንላለን። በሁለት ደቂቃ ግን አይደረስም።

ታዲያ ልጁ ወደ ውጭ ለመዞር መድረሱን በምን እንወቅ? በክርስትናው አትቁጠሩ፤ ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና ሲነሡ ሁለቱም ገና ናቸው። የ45 ቀኑን ክትባት ሲወስድም ገና ነው፣ የ14 ሳምንቱን ሲጨርስም ገና ነው። ብዙዎቹ አምራቾች ከ5 ወር በፊት ፊቱ ወደ ውጭ እንዲዞር አይፈቅዱም። በሕፃናት ዳሌ ላይ የሚሠራው በኦርላንዶ የሚገኘው ዓለም አቀፍ ኢንስቲትዩት ደግሞ እስከ 6 ወር ድረስ ፊቱ ወደ ያዘው ሰው ይሁን ብሎ ይመክራል። እኔ 6 ወሩን ያዙ እላለሁ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ ተጨማሪ ምግብ አስጀምሩ የሚሉበት ወር ነውና አይረሳም። ወሩ ቢሞላም ልጁን በሆዱ አስተኝታችሁ እዩት። ራሱን ቀና አድርጎ ወዲያና ወዲህ ካላየ አልደረሰም። ስታስቀምጡት ራሱ የሚዋልል ከሆነ አልደረሰም። ያለ ወሩ የተወለደ ልጅ ከዚህም ይዘገያል፤ ከጎረቤት ልጅ ጋር አታወዳድሩት።

አንገቱ ከጠና በኋላም እንቅልፍ ሁሉንም ነገር ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ቅዳሴ ላይ ይህን ሁላችንም አይተናል። ልጁ ዓይኑን እያንከራተተ ይገባል፣ ዜማው ያረጋጋዋል፣ ሳይቆይ ይተኛል። ፊቱ ወደ ውጭ ስለሆነ ከላይ ሆነን የሚታየን አናቱ ብቻ ነው፤ አገጩ የት እንደ ወደቀ አናይም። ሕዝቡ ተጠጋግቶ ቆሟል። ብርድ እንዳያገኘው፣ የሰው ዓይን እንዳያርፍበት ብለን ነጠላችንን በላዩ እንጥላለን። እባካችሁ ፊቱን አትሸፍኑ። የሰው ዓይን የምትፈሩ ከሆነ መጀመሪያውኑ ወደ ሰው አታዙሩት። ስግደትም አለ። ሕፃን ደረቱ ላይ ያሰረ ሰው አይስገድ፤ ጎንበስ ባልን ቁጥር ክብደታችን ወደ እርሱ ነው፣ በማዘያው አፍ በኩል ሾልኮ ሊወድቅም ይችላል። ልጅ ይዞ ቆሞ ለጸለየ የሚቆጣ ካህን የለም። ልጁ ሲተኛ ከሕዝቡ ወጣ ብላችሁ ተቀመጡ፣ ዘለበቱን ፍቱ፣ ፊቱን ወደ እናንተ መልሱት። ጉንጩ ከደረታችሁ ይረፍ፤ በአገጩና በደረቱ መካከል ሁለት ጣት ይግባ።

በዳሌው ላይ የሚደርሰው ጉዳት ደግሞ ቶሎ አይታወቅም፤ የሚታወቀው ልጁ ቆሞ ሲሄድና ሲያነክስ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት የጭን አጥንቱ የሚገባበት ጎድጓዳ ገና ለስላሳ ነው። ጭኑ ተከፍቶ፣ ጉልበቱ ከፍ ብሎ ሲቀመጥ አጥንቱ ወደ ውስጥ ይረጋል፤ እግሩ ቀጥ ብሎ ሲንጠለጠል ወደ ውጭ ይጎተታል። በማላዊ የሠሩ የአጥንት ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በዚያ አገር የሕፃናት ዳሌ መውለቅ እጅግ ጥቂት የሆነው እናቶቹ ልጆቻቸውን በጀርባ ስለሚያዝሉ ሊሆን እንደሚችል አስረድተዋል። ጃፓኖች ደግሞ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የአራስ እግር ቀጥ ተደርጎ እንዳይጠቀለል ዘመቻ አድርገው ይህን ችግር በእጅጉ ቀንሰዋል። ስለዚህ ማዘያውን ከማሰራችሁ በፊት ከልጁ ሥር የሚሆነውን ጨርቅ ተመልከቱ። ከአንዱ ጉልበት እስከ ሌላው ጉልበት ድረስ ጭኑን ይሸከም። በጭኖቹ መካከል የሚያልፍ ጠባብ ጨርቅ ብቻ ካለውና እግሩ ገመድ ላይ እንደ ተሰጣ ሱሪ የሚንጠለጠል ከሆነ፣ ያ ማዘያ ፊትን ወደ ውጭ ለማዞር አይሆንም።

አሁን ስለ ራሳችን ገላ እንነጋገር፤ ይህን ወላጆቹ ደፍረው አይነግሩንም። ጉልበታችን የድሮው አይደለም። ዓይነ ሞራ ያለብንም አለን፣ ግፊት የሚያዞረንም አለን። ፊቱ ወደ ውጭ የሆነ ልጅ ሰውነቱን ከእኛ ስለሚያርቅ ክብደቱ ወደ ፊት ይጎትተናል፤ እግራችን የሚረግጠውንም አናይም። አዝለን ስንሰናከል በእጃችን እንወድቃለን፣ ልጁም ከላያችን ይሆናል። ደረታችን ላይ አስረነው ስንሰናከል ግን ከሥራችን የሚሆነው እርሱ ነው። በክረምት ድጥ፣ ድንጋይ በበዛበት ቁልቁለት፣ ወንዝ ስትሻገሩ ልጁን በደረት አትያዙ። ጀርባዬ ነጻ ሆነልኝ ብላችሁም ጀሪካን ወይም የጤፍ ከረጢት አትጨምሩበት። እንዲህ ሲሄዱ አይቻለሁና ነው የምናገረው። ስትራመዱ ከተንገዳገዳችሁ ለልጁ አልጋ ይሻለዋል።

ወደ ውጭ የዞረ ልጅ እጁም ወደ ውጭ ነው። እኛ በምንሠራበት ሁሉ ከእኛ ቀድሞ ይደርሳል። ረከቦቱ ላይ፣ ጀበናው ላይ፣ ምጣዱ ላይ ስንጎነበስ የሚቀርበው የእርሱ ፊት ነው። የእኛ አገር የበርበሬ አገር ነው፤ ቡሬም ጃቢ ጠህናንም በርበሬ ሲደርስ ደጁ ሁሉ ቀይ ይሆናል። በጀርባ የታዘለ ልጅ ቢያንስ ገላችን ይከልለዋል፤ በደረታችን ያለው ግን ሲቀነጠስ፣ ሲታመስና ሲወቀጥ ብናኙን ቀጥታ በዓይኑና በሳንባው ይቀበላል። ወፍጮ ቤት ደግሞ ጨርሶ አይግባ፤ የሚሽከረከረው ቀበቶ የሕፃን እጅ አይምርም። ባጃጅና ሚኒባስ ላይም ከማዘያው አውጥታችሁ ያዙት፤ መኪናው ድንገት ፍሬን ሲይዝ ገላችሁ በእርሱ ላይ ይጫናልና። መታቀፉም ቢሆን አስተማማኝ አይደለም፤ የሚቻል ከሆነ ከኋላ ወንበር ተቀመጡ።

ልጁ ምን ያህል ይቆይ? አንገቱ ለጠና፣ ለነቃና ደስ ላለው ልጅ 15 ወይም 20 ደቂቃ ይበቃል። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚያልፍ ብዙ ከባድ መኪና ጅጋን አቋርጦ ነው የሚሄደው፤ ጡሩምባው፣ አቧራው፣ ጉንጩን ሊነካ እጁን የሚዘረጋው የማያውቀው ሰው፣ ሁሉም በፊቱ ላይ ነው። ወደ እኛ የዞረ ልጅ ሲበቃው ፊቱን ደረታችን ውስጥ ይደብቃል። ወደ ውጭ የዞረው የሚደበቅበት የለውም። ራሱን ወዲያና ወዲህ ካወራጨ፣ ጀርባውን ካጎበጠ፣ እጁን ከጠባ በቃኝ ማለቱ ነው፤ እስኪያለቅስ አትጠብቁ። እኛም ፊቱን ስለማናይ ማውራት እንተዋለን። ስኮትላንድ ውስጥ በዳንዲ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2008 በሕፃናት ጋሪ ላይ የተሠራ ጥናት፣ ፊታቸው ከእናታቸው የዞረ ልጆች የሚያነጋግራቸው ሰው ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። የልጅ ልጅ የያዝነው ልናጫውተው አይደለም እንዴ?

ማዘያውን የላከችው ልጃችሁ ደውላ «ፊቱን አዙራችሁ ፎቶ ላኩልኝ» ካለች፣ 6 ወር እስኪሞላው ወደ እናንተ የዞረውን ላኩላት፤ ምክንያቱንም ንገሯት፣ አትቀየምም። ከውስጡ የሚወጣውን ወረቀት አትጣሉት። የሚፈቀደውን ኪሎና ወር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወይም የምታምኑት አንባቢ ያንብብላችሁ። መጀመሪያ ስታስሩት ሰው አጠገባችሁ ይቁም፤ ከበታቻችሁም አልጋ ይኑር። ከሰልባጅ ገበያ የተገዛ ከሆነ ማንገቻውን አንድ በአንድ ጎትቱ፣ ስፌቱን ወደ ብርሃን አድርጋችሁ እዩ፣ ዘለበቱ ቀጭ ብሎ መዝጋቱን በጆሯችሁ ስሙ። ክሩ የተተረተረ ወይም ዘለበቱ የሚከፈት ከሆነ ለጎረቤት አትስጡ፤ ቆራርጣችሁ ጣሉት።