ቡችላ መስጠትና ቡችላ መጣል



ከወንዙ ማዶ ገብስ የሚያርሱትና በግ የሚያረቡት ጎረቤታችን ውሻ ጥቅምት 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ሰባት ቡችሎች መውለዷን አብዛኞቻችሁ ሰምታችኋል። ሦስቱ ወንዶች፣ አራቱ ሴቶች ናቸው። የደብረ ብርሃን የኅዳር ውርጭ ሳይጥላቸው፣ ጭድ ላይ እናታቸው ጉያ ተወሽቀው ሰባቱም አድገዋል። ባለቤቱ ግን «ለአንድ ውሻ እንጂ ለስምንት የሚበቃ ፍርፋሪ የለኝም፤ ደግ ሰው ፈልጉልኝ» ሲሉ ለማኅበራችን አመልክተዋል። ነገሩ የውሻ ነገር ነውና ቀላል ይመስል ይሆናል። እኛ ግን የሠፈሩ ሁሉ ጉዳይ አድርገን እናየዋለን፤ ምክንያቱንም እንገልጻለን።

ሩቅ ሳንሄድ ያለፈውን እናስታውስ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት፣ ማን እንደጣላቸው ያልታወቀ ስድስት ቡችሎች በጆንያ ታስረው ከድልድዩ ሥር ተገኙ። አራቱ ሞተው ነበር። የተረፉት ሁለቱ ከቆሻሻ ገንዳው እየለቀሙ አደጉ። በተከታዩ ዓመት ከሁለቱ አንዱ፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የነበረች የሠፈራችንን ልጅ እግሯን ነከሳት። ውሻው ባለቤት የለው፣ መከተብ አለመከተቡን የሚያውቅ የለ፤ አሥር ቀን አስሮ ጤንነቱን ለመከታተልም ሳይያዝ ጠፋ። ስለዚህ ልጅቷ ክትባቱን እስከ መጨረሻው ለመወጋት ተገደደች። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት እንደሌለው እናትና አባቷ ያውቁ ነበርና፣ ክትባቱ እስኪያልቅ እንቅልፍ አልነበራቸውም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬ ደኅና ናት።

ከዚያ በኋላ የተሠራውንም መሸሸግ አይገባም። እኛው የማኅበሩ ሰዎች በንዴት ተነሥተን መርዝ በሥጋ ለውሰን አስበተንን። የሞቱት ግን ባለቤት የሌላቸው ውሾች ብቻ አልነበሩም፤ የእኚሁ ጎረቤታችን የበግ ጠባቂ ውሻም አብሮ ሞተ፤ ብዙም ሳይቆይ ጅብ ከበረታቸው ሁለት በግ ወሰደባቸው። ምን ተገኘ ታዲያ? ሦስት ወር ሳይሞላ ከሌላ ሠፈር የመጡ ውሾች ያንኑ ገንዳ ያዙት። ምግቡ እስካለ ቦታው ባዶ አይቀርምና። ዛሬ ሰባት የወለደችው እናት በዚያ በሞተው ውሻ ምትክ የመጣች ናት። እንግዲህ ሰውየው «ደግ ሰው ፈልጉልኝ» ሲሉን ዕዳ አለብን ማለት ነው።

ደግ ሰው መፈለግ ግን ላገኙት ሰው ቡችላ ማስታቀፍ አይደለም። «ውሰደው ብቻ!» ብሎ መገላገል ያንኑ ጆንያ ትንሽ ራቅ አድርጎ እንደ መጣል ይቆጠራል። ስለዚህ ለመውሰድ የሚመጣ ሁሉ ሳይቀየም እንዲመልስልን የምንጠይቀው አለ። ግቢው አጥር አለው ወይ? ተከራይ ከሆነ አከራዩ ፈቅደዋል ወይ? ልጆቹ ስለ ለመኑት ብቻ ከሆነ፣ ልጆቹ ሲሰለቹ የሚያበላው ማን ነው? ቤት ቢቀይርስ ውሻውን ምን ሊያደርገው አስቧል? ለእነዚህ መልስ ያለው ሰው ድሀ ቢሆንም ደግ ቤት አለው። መልስ የሌለው ግን ባለ ቪላ ቢሆንም ለጊዜው ይቆይ።

መቸኮልም አያስፈልግም። ቡችላ ከእናቱ ጋር ስምንት ሳምንት መቆየት አለበት፤ ይህም ታኅሣሥ 16 ቀን ይሞላል። ከወንድሞቹና ከእኅቶቹ ጋር ሲላፋ ጥርሱን መቆጠብ የሚማረው በዚህ ጊዜ ነው። ሦስት ወር ሲሞላው ወደ እንስሳት ጤና ክሊኒክ ወስዶ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ማስከተብ፣ ከዚያም በሐኪሙ ቀጠሮ ማስደገም የወሳጁ ግዴታ ይሁን። ምግቡ ከቤት የተረፈ እንጀራ ቢሆን ነውር የለውም፤ ነገር ግን ሽንኩርት የበዛበት ወጥ ውሻን ይጎዳል፤ የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥቆ አንጀቱን ሊወጋው ይችላል።

ገና ደርሷልና አንድ ነገር እንጨምር። በግ ታርዶ ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውኃ የቋጠረ እባጭ ሲገኝ «ለውሻ ወርውረው» ማለት ልማዳችን ነው። ኧረ ተዉ! ጥሬውን የበላ ውሻ አንጀቱ ውስጥ ትል ያፈራል፤ የትሉ እንቁላል ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣና በእጅና ባልታጠበ አትክልት አድርጎ ወደ ሰው ይገባል። ሰውም ጉበቱና ሳንባው ላይ እንደዚያው ያለ እባጭ ያወጣል። ስለዚህ እባጭ ያለበት ይቃጠል፤ ወይም ውሻ በማይቆፍረው ጥልቀት ይቀበር።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። እስከ ዛሬ አምስት ቤቶች ተመዝግበዋል፤ አምስቱም የጠየቁት ወንድ ነው። ከድልድዩ ሥር ከሞቱት አራት ቡችሎች ሦስቱ ሴቶች እንደ ነበሩ አንርሳ። ሴት ውሻ አትጠብቅም ያለው ማን ነው? የእነዚህ እናት ሌሊቱን ሙሉ ጅብ ከበረት ስታባርር የምታድር አይደለችም ወይ? የሚያስፈራው መውለዷ ከሆነ፣ ሐኪም ያመክናታል። እስከዚያው ወንድ በምትፈልግበት ጊዜ፣ በዓመት ሁለቴ ያህል፣ ለሦስት ሳምንት በር ዘግቶ መያዝ ነው። የአራቱ ሴቶች የማምከኛ ወጪ ከማኅበሩ መዋጮ እንዲከፈል በሚቀጥለው ስብሰባ ሐሳብ እናቀርባለን። ለመርዝ ያላጣነውን ገንዘብ ለዚህ አናጣም።

ርክክቡ ቅዳሜ ታኅሣሥ 19 ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይሆናል። የሚወስዱ ሁሉ ፈርመው ይወስዳሉ፤ ከወር በኋላ ቤታቸው መጥተን እንጠይቃለን። ማቆየት ያልቻለ ሰው መልሶ ቢያመጣ አንወቅሰውም፤ የምንወቅሰው በጨለማ የሚጥለውን ነው። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላልና፣ ያበላነው ለእኛ ይጮኻል፤ የጣልነው ግን በእኛው ላይ ይመለሳል።

ሁለት ወንድ የሚፈልጉ ቤቶች ወንድ አይደርሳቸውም። እነዚህ ሁለቱ ሴት ቢወስዱ፣ ቤት የሚፈለግላቸው ሁለት ሴቶች ብቻ ይቀራሉ። በዚህ ሁሉ ደጅ ለሁለት ቡችላ ቦታ አይጠፋም። ከድልድዩ ሥር ዳግመኛ ጆንያ እንዳንፈታ አደራ እንላለን።