ለካንሰር ሕሙም ቀዶ ሐኪም ስለ መምረጥ

ልጁን የሚድር አባት የሙሽራውን ዘር እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል፤ ጠባዩን ከጎረቤቱ፣ ኑሮውን ከባልንጀሮቹ ይጠይቃል፤ በዚህም ነውር ሠራ የሚለው የለም። ያችው ልጅ ተድራ፣ ወልዳና ከብዳ፣ በጡቷ ላይ ዕባጭ የተገኘ ዕለት ግን ያ ሁሉ መጠየቅ ይረሳና፣ ቤተ ዘመዱ በድንጋጤና በእንባ ተውጦ ሳለ፣ ቢላዋውን የሚይዘው ሐኪም ማን እንደ ሆነ፣ ይህን ሥራ በስንት ሕሙማን ላይ እንደ ሠራው፣ ከማንስ ጋራ ተመካክሮ እንደሚሠራው አንድ ሰው ሳይጠይቅ፣ መጀመሪያ የተገኘው አልጋ ይያዝላታል። ይህን የምጽፈው ወላጆችን ለመውቀስ አይደለም፤ ለሐኪም ያለን አክብሮትና ለደዌው ያለን ፍርሃት አንድ ላይ ሆነው አፋችንን እንደሚዘጉት አውቃለሁ። ነገር ግን ቀዶ ሐኪምን መርምሮ መምረጥ ራሱ የካንሰር ሕክምና መጀመሪያ ነው ብዬ ስለማምን፣ ምክንያቴን ለአንባቢ ማቅረብ ግዴታዬ ሆኖ ይሰማኛል።

የካንሰር ባሕርይ የመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና ያጎደለውን ሁለተኛው አሟልቶ እንዲያርመው በቀላሉ አይፈቅድም። ሐኪሙ ዕጢውን በዙሪያው ካለው ጤናማ ሥጋ ጋራ ሳይቆራርስ አውጥቶ፣ ደዌው ሊዛመትባቸው የሚችሉትን ንፍፊቶች በሚገባ ለቅሞ፣ የወጣውንም ሁሉ ለፓቶሎጂ ምርመራ ካላስረከበ፣ በውስጥ የቀረው ርዝራዥ ጊዜውን ጠብቆ ይነሣል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሥፍራው ጠባሳ ለብሶ ስለሚገኝ፣ ቀጣዩ ሐኪም ጤናማውን ከበሽተኛው ለመለየት ይቸገራል። በትልቁ አንጀት ካንሰር ቢያንስ 12 ንፍፊቶች ወጥተው እንዲመረመሩ ሥርዓት የተደረገው፣ ከዚያ ያነሰ ቁጥር ስለ ደዌው ደረጃ እርግጠኛ ፍርድ ለመስጠት ስለማያበቃ ነው። በአገራችን ግን በጡት ላይ የወጣ ዕባጭ ምንነቱ በናሙና ሳይታወቅ፣ በአንዲት ትንሽ ክሊኒክ በማደንዘዣ መርፌ ተቆርጦ ሲወጣ፣ የወጣውም ወደ ላቦራቶሪ በመሄድ ፈንታ ሲጣል ይታያል። ሴትየዋ «ተገላገልሁ» ብላ እግዚአብሔርን አመስግና ወደ ቤቷ ትሄዳለች፤ ከወራት በኋላ ዕባጩ በብብቷ ሲወጣ፣ የመጀመሪያው ምን እንደ ነበረ የሚመሰክር ወረቀት እንኳ አይገኝም። ስለዚህ የተጠረጠረን የጡት ዕባጭ ያለ ባዮፕሲ፣ ማለት ያለ ናሙና ምርመራ፣ ለመቁረጥ የሚቸኩል ሐኪም፣ ስሙ የቱን ያህል የገነነ ቢሆን፣ ለዚህ ሥራ የተገባ አይደለም።

እጅ ከእጅ የቱን ያህል እንደሚለይ ከሁሉ ይልቅ ገልጦ ያሳየው እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ቢል ሂልድ ነው። በቤዚንግስቶክ ከተማ ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ይህ ሰው፣ በ1982 (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ) ባሳተመው ጽሑፍ፣ የፊንጢጣ አንጀት ካንሰር ከቀዶ ሕክምና በኋላ በዚያው ሥፍራ የሚመለስበትን ምክንያት በደዌው ክፋት ብቻ ማሳበብ እንደማይገባ አስረዳ፤ አንጀቱን የከበበው ስብ ከነስስ ሽፋኑ ሳይቀደድ መውጣት ሲገባው፣ ብዙዎች በጭፍን እየቦጨቁ ያወጡት ነበርና። በብዙ ሆስፒታሎች ከመቶ ሕሙማን በሃያውና ከዚያም በሚበልጡት ላይ ይመለስ የነበረው ደዌ፣ እርሱ በታገሠና በተጠነቀቀ እጅ በሠራቸው ላይ ከመቶ ከአምስት በታች ሆነ። ደዌው ያው፣ መሣሪያውም ያው ነበር። አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ጆን ቢርክማየርና ባልደረቦቹም በ2002 ባወጡት ጥናት፣ የቆሽት ቀዶ ሕክምና አልፎ አልፎ ብቻ በሚሠራባቸው ሆስፒታሎች ከመቶው 16 ያህል ሕሙማን ሲሞቱ፣ አዘውትሮ በሚሠራባቸው ግን 4 ያህል ብቻ እንደሚሞቱ አሳዩ፤ በማግሥቱ ዓመትም ይህ ልዩነት በአብዛኛው ከሐኪሙ ከራሱ ልምድ እንደሚመነጭ ጨምረው ገለጡ።

ዳሩ ግን የእጅ ብልሃት ያለ ትሕትና ወዴት እንደሚያደርስ ታሪክ ያስተምረናል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ቀዶ ሐኪም የነበረው ዊልያም ሃልስቴድ፣ ጡትን ከሥሩ ካለው የደረት ጡንቻና ከብብት ንፍፊቶች ጋራ ጠራርጎ የሚያወጣ ቀዶ ሕክምና አቋቋመ፤ በጥበቡ የተደነቀ፣ ደቀ መዛሙርቱም የበዙ መምህር ስለ ነበረ፣ ዘዴው ለሰማንያ ዓመት ያህል እንደ ቀኖና ተጠብቆ ሲኖር፣ ስንት ሴቶች ደረታቸው ጎድጉዶ፣ ክንዳቸው አብጦ ቀሪ ዘመናቸውን ገፉ። በኋላ በኢጣልያ ኡምቤርቶ ቬሮኔዚ፣ በአሜሪካም በርናርድ ፊሸር፣ የመምህሮቻቸውን ቃል ለመመርመር ደፍረው፣ የመጀመሪያው 701፣ ሁለተኛው 1,851 ሴቶች የተሳተፉበትን ጥናት በ1970ዎቹ ጀመሩ፤ የሃያ ዓመት ውጤታቸው በ2002 ሲታተም፣ ዕባጩን ከጥቂት ዙሪያው ጋራ አውጥቶ የቀረውን ጡት በጨረር ማከም፣ በዕድሜ በኩል ሙሉውን ጡት ከመቁረጥ እንደማያንስ ታወቀ።

ይህ ዕውቀት ወደ እኛ ሲደርስ ግን ሌላ ማስተዋል ይጠይቃል። ጡትን አትርፎ መዳን የሚቻለው ጨረሩ በጊዜው ሲገኝ ነው፤ በኢትዮጵያ ደግሞ የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ሲሰጥ በመኖሩ ተራው ወራት ያስቆይ ነበር፤ ዛሬም ማዕከሎች ቢጨመሩ ሕሙማኑ ከመሣሪያው እጅግ ይበዛሉ። እንግዲህ «ጡትሽን አተርፍልሻለሁ» የሚል ሐኪም፣ የጨረሩ ተራ መቼ እንደሚደርስ አስቀድሞ ካላጠያየቀ፣ ቃሉ የሚያጽናና ቢመስልም አደጋ ያዘለ ነው። በአንጻሩም ብዙዎቹ እናቶቻችን ወደ ሐኪም የሚደርሱት ዕባጩ ከገፋ በኋላ ስለ ሆነ፣ አስቀድሞ በኬሞቴራፒ ሊሟሽሽ የሚችለውን ዕጢ ነገ ልቁረጠው የሚል ሐኪም ሥራውን ከመጨረሻው ጀመረ ማለት ነው። ስለዚህ የምንፈልገው ቀዶ ሐኪም ከፓቶሎጂው፣ ከኬሞቴራፒውና ከጨረሩ ሐኪሞች ጋራ በአንድ ጉባኤ ተቀምጦ፣ ቱመር ቦርድ በሚሉት ሸንጎ ሐሳቡን አቅርቦ የሚያስመረምር፣ ባልንጀሮቹ «ቆይ» ቢሉት ቢላዋውን ለማስቀመጥ የማያፍር ሰው ነው። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ምልክት ይህ ነው።

ጥያቄ ማቅረብ ሐኪምን ማዋረድ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። መጽሐፈ ሲራክ ባለ መድኃኒትን እንድናከብር ማዘዙ እውነት ነው፤ ነገር ግን ጥበብ ለእያንዳንዱ በየጸጋው የምትሰጥ ናትና፣ በትርፍ አንጀት ቀዶ የተመሰገነ ሐኪም በምግብ ቧንቧ ካንሰር ሥራ ልምድ ላይኖረው ይችላል፤ ይህንም ከማንም ይልቅ እርሱ ያውቀዋል። «ዶክተር፣ እንዲህ ያለውን ቀዶ ሕክምና በዓመት ምን ያህል ይሠራሉ? የናሙናው ውጤት ምን ይላል? ከቀዶው በፊት ሌላ ሕክምና ያስፈልገኝ እንደ ሆነ ከማን ጋራ ተመካክረዋል? የገዛ እናትዎ ቢሆኑ ወደ ማን ይልኳቸው ነበር?» ብሎ በትሕትና መጠየቅ ክብሩን አይነካም። በዚህ የሚቆጣ ቢኖር ሕሙሙ ወረቀቱን ይዞ ወደ ሌላ መሄድ ይገባዋል። ምርመራውን ለማሟላትና ሁለተኛ ሐኪም ለማማከር ጥቂት ሳምንት መቆየት አብዛኛውን ጊዜ አይጎዳም፤ ወራትን ማሳለፍ ግን ይጎዳልና፣ ጸበል የሚጠመቅም እምነቱን ሳይተው ሐኪሙን ጎን ለጎን ቢፈልግ ይበጀዋል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ልቤን የሚያሳዝነው፣ ሕሙሙ ራሱ ደዌውን እንዳያውቅ መደረጉ ነው። ባልና ልጆች ሐኪሙን በኮሪደር ለይተው «እባክዎ እንዳይነግሯት» ብለው ሲማፀኑ፣ ከፍቅር መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን ካንሰር እንደ ሆነ ያልተነገራት ሴት ጡቷ ለምን እንደሚቆረጥ እንዴት አውቃ ትፈቅዳለች? በማንስ ዘንድ ሁለተኛ ምክር ትሻለች? ቁስሉ ሲደርቅላት ዳንሁ ብላ ኬሞቴራፒውን ከመካከል ብታቋርጥ ጥፋቱ የእርሷ ነውን? እውነቱን ደብቀንባት ስናበቃ፣ በሰውነቷ የመፍረድን ሥልጣን ከእርሷ ወስደን ለአጎትና ለአማች አከፋፈልነው።

ሀብት ያለው ደግሞ ቤቱን ሸጦ ወደ ሕንድ፣ ወደ ታይላንድ ወይም ወደ ቱርክ ይሄዳል። በአገር ውስጥ የማይገኝ ሕክምና ያስፈለገው ሰው መሄዱ ተገቢ ነው፤ ሆኖም የሚያክመው ሐኪም እንጂ የአገሩ ስም አይደለምና፣ ጥያቄዎቹ በዚያም ያው ናቸው፤ ሲመለስም የሚከታተለውን ሐኪም ሳያሰናዳ መሄድ የለበትም።

«ሐኪም ባነሰበት አገር የምን ምርጫ ነው? ሁሉስ ልምድ ያለውን ቢሻ ወጣቱ መቼ ይማራል?» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ተገቢም ጥያቄ ነው። መልሱን ያገኘሁት ከስቶክሆልም ነው። በ1990ዎቹ የዚያ ከተማ ሐኪሞች ሂልድን ጋብዘው፣ በዓይናቸው እያዩ፣ በእጃቸውም እየሠሩ ዘዴውን ሲማሩ፣ የፊንጢጣ አንጀት ካንሰር ተመልሶ የሚነሣባቸው ሕሙማን ቁጥር ከግማሽ በታች ወረደ። ጥበቡ የሚማሩት እንጂ ከአንድ ሰው ጋራ የሚቀበር አይደለም። ወጣቱ ሐኪም በሊቁ ፊት ቢሠራ ሕሙሙም ይድናል፣ አገርም ሌላ ሊቅ ታተርፋለች፤ የሚያስፈራው ማንም ሳያየው፣ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ብቻውን የሚሠራው ነው።

ስለዚህ ለጤና ሚኒስቴርና ለሆስፒታሎች አስተዳዳሪዎች የማቀርበው ልመና ይህ ነው፦ የካንሰር ቀዶ ሕክምና የሚሠራ እያንዳንዱ ሆስፒታል፣ የመንግሥትም ይሁን የግል፣ በየዓመቱ ከእያንዳንዱ ዓይነት ስንት እንደ ሠራ፣ ስንቱ በባዮፕሲ አስቀድሞ እንደ ታወቀ፣ ስንቱም በሐኪሞች ጉባኤ እንደ ታየ ቆጥሮ ለሕዝብ ያስታውቅ፤ ቁጥሩ የሚያንሰውም ሕሙሙን ወደሚበዛለት ይላክ። እስከዚያው ድረስ፣ አንባቢ ሆይ፣ ከቤትህ አንዱ በዚህ ደዌ ቢያዝ እውነቱን ንገረው፤ ከመቆረጡም በፊት አብረኸው ገብተህ ጠይቅ።