ዓሣ በላን፣ ዋኘን፣ ከሰል ጭነን ተመለስን

የአዲስ አበባ ልጅ ይህን ፕሮግራም በቃሉ ያውቀዋል። ሌሊት 11 ሰዓት ሚኒባሱ ይነሳል፤ ዝዋይ ላይ የዓሣ ጥብስ (ባቱ በሉት፣ ዓሣው ያው ነው)፣ ከሰዓት ላንጋኖ ዋና፣ ማታ ቤት። ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው መንገድ ላይ ሁላችንም ወደ ግራ እንታጠፋለን፤ ላንጋኖ ያለው በዚያ በኩል ነዋ! በስተቀኝ ያለውን የአብያታ-ሻላ ፓርክ ግን በመስኮት አይተነው እናልፋለን።

ባለፈው ጓደኞቼን ለምኜ ወደ ቀኝ ታጠፍን። ከበሩ አካባቢ ሰጎንና ሚዳቋ አይተን ፈነጠዝን፣ ፎቶ ተነሳን። ከዚያ በእግር ወደ አብያታ ውሃ… ሄድን፣ ሄድን። መሬቱ ነጭ ነው፣ ተሰነጣጥቋል፣ አንዳንዱ ቦታ ሲረግጡት ይከዳል። አብሮን የነበረው የፓርኩ ጠባቂ ዞር አለና «እህቴ፣ አሁን የምትረግጪው እኮ ሐይቁ ነው» አለኝ። ነበረ ማለቱ ነው።

ጋዜጠኝነት ስንማር መጀመሪያ ያስጨበጡን ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ እንዴትና ለምን የሚሉትን ጥያቄዎች ነው። የጉዞ ፕሮግራሞቻችን ግን «የት» ላይ ደርሰው ይቆማሉ። ክራር ከበስተጀርባ፣ ፍላሚንጎ ከፊት፣ «ውቧ አገራችን» የሚል ድምፅ… አለቀ። «ለምን» የሚል የለም።

እንግዲህ «ለምን» እንበል። ከዝዋይ የሚወጣው የቡልቡላ ወንዝ ነው አብያታን የሚመግበው። ከመቂ እስከ ቡልቡላ ግን ለሽንኩርቱም፣ ለቲማቲሙም፣ ለአበባውም ውሃ የሚስበው ሞተር ብዙ ነው። ከታች ደግሞ የሶዳ አሽ ፋብሪካ ለዓመታት የሐይቁን ውሃ በገንዳ እያተነነ ሶዳ አምርቷል። ጥሩ ዝናብ ያለበት ዓመት ሲመጣ ሐይቁ ትንሽ ይመለሳል፤ ያም ሆኖ ባለፉት 50 ዓመታት ከስፋቱ ግማሽ ያህሉን ያጣበት ጊዜ አለ። ውሃው ሲያንስ ጨዉ በረታ፣ ዓሣው አለቀ። በሻላ ደሴቶች ላይ እየተራቡ ከአብያታ ዓሣ ይለቅሙ የነበሩት ፔሊካኖች ምግብ ፍለጋ ዝዋይ ድረስ መብረር ግድ ሆነባቸው። ልክ እንደኛ፣ ዓሣ ለመብላት ዝዋይ!

ይህ ሁሉ የሆነው በ1960ዎቹ ዓ.ም. በተከለለ፣ 887 ካሬ ኪሎ ሜትር በሚሰፋ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ መሆኑን አትርሱ።

«ታዲያ ገበሬው ይራብ?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ማንም አይራብ! እኔም የመቂን ቲማቲም እበላለሁ። ጥያቄዬ ሌላ ነው፦ ከወንዙ ስንት ውሃ እንደሚሳብ የሚለካ፣ ለሐይቁም ድርሻውን የሚያስቀር ማነው? አበባው ድርሻ አለው፣ ሶዳው ነበረው። ሐይቁ ብቻ ነው የተረፈውን የሚጠብቀው። የተረፈ ደግሞ የለም።

«ቱሪስት ታባርሪያለሽ» የሚለኝም አለ። ወንድሜ፣ ቱሪስቱን የሚያባርረው የኔ ጽሑፍ ነው ወይስ ፎቶ ላይ ያየውን ውሃ ፈልጎ ጭቃ ላይ መቆሙ? ሐሮማያን አስታውሱ። በዓይናችን ፊት ደርቆ ሜዳ ሆነ። ከዓመታት በኋላ ውሃ ሲቋጥር እልል አልን፤ ሲጎድል ግን የጮኸ ስንቱ ነበር?

ወደ ራሳችን እንምጣ። የዚያን ቀን ማታ ስንመለስ ከመንገድ ዳር ሁለት ማዳበሪያ ከሰል ገዝተን ሚኒባሱ ላይ ጫንን። «ርካሽ ነው» ተባባልን። ቤት ገብቼ የቡናው ምድጃ ሲቀጣጠል ነው ነገሩ የቆጠቆጠኝ። ያ ከሰል የየት አገር ግራር ነበር? ጠዋት ጥላው ስር ፎቶ የተነሳንበት ዓይነት ግራር አይደለም ወይ? ሻጩን ልጅ አልወቅሰውም፤ ገዢ ባይኖር አይሸጥም። ገዢዋ እኔ ነኝ።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጉዞ ከሰሉን እዚያው ተዉት፤ ወደ ቀኝም ታጠፉ። ወደ ነጩ መሬት ውረዱና የቆማችሁበትን ቦታ ፎቶ አንሱ፣ ቀኑን ጻፉበት፣ ለሰው አሳዩት። ማይክ የያዛችሁ ባልደረቦቼ ደግሞ ከክራሩ በፊት አንዲት «ለምን» ጣል አድርጉ። ካልሆነ ቀጣዩ «ውቧ አገራችን» ሐይቁን ከማኅደር ተውሶ ማሳየቱ አይቀርም።

ቸር ያሰማን!