የእጅ ስልክ ትኩሳት

ስልኩ በጋለ ቁጥር ሠሪውን የሚወቅስ ወጣት ብዙ ነው፤ ዳሩ ግን መወቀስ የሚገባው ልማዳችን ነው። ስልክ ሲሠራም ቻርጅ ሲደረግም ይሞቃል፤ አብዛኛው ማራገቢያ የለውምና ሙቀቱን የሚያስወጣው በገላው ብቻ ነው። ታዲያ ቻርጅ እየተደረገ ትራስ ሥር ማሳደር፣ ትኩሳት ለያዘው ሰው በጋቢ ላይ ጋቢ እንደ መደረብ ይቆጠራል። አፕል፣ አይፎን ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው አየር እንዲሠራበት ይመክራል፤ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ግን ሙቀቱ በቀላሉ ከዚህ ያልፋል። ሙቀት የሊቲየም ባትሪን ዕድሜ ያሳጥራል፤ ያጠረውም አይመለስም። ስለዚህ ስልኩ ሲግል ከቻርጅ ነቅሎ፣ ሽፋኑን አውልቆ፣ ጥላ ውስጥ ማሳረፍ ይበጃል፤ ፍሪጅ ውስጥ መክተት ግን ጤዛ ያስቋጥርበታል። በስንት ወር ቁጠባ የተገዛ ዕቃ ይህችን ታህል ጥንቃቄ ሊነፈግ አይገባውም።